እገዳ ለማንሳት ሲባል ስለማገድ

ልጄ ሻፊ አሥራ ስድስት ዓመት ብስክሌት መንዳትን መተዳደሪያው አድርጎ ኖሯል። በእነዚህ ዓመታት አንድም ቀን ሞቶ አያውቅም፤ እኔ ግን በየሳምንቱ ቀብሬዋለሁ። ከዲንሾ ቁልቁል ሲወርድ አይሱዙ ገጭቶት ሞቷል። በመኸር ጊዜ ኮምባይነር መንገድ ዘግቶበት ሞቷል። ሰነቴ ላይ ነፋስ ከነብስክሌቱ አንስቶ ገደል ከቶታል። ሮቤ ገበያ አጠገብ የጋሪ ፈረስ ደንብሮ ረግጦታል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ርቦት ይመጣና «አዮ፣ የሚበላ ምን አለ?» ይለኛል።

የሚመጣውን ክፉ ነገር አስቀድሞ ማሰብ የእናት ሥራ ነው። ስለዚህ ውድድር በሄደ ቁጥር በማሊያው ጀርባ ባሉት ሦስት ኪሶች ውስጥ ለየአደጋው የሚሆን ነገር እከትታለሁ፤ ለብርድ ዝንጅብል፣ ለቁስል ፋሻ፣ ለሚቀደድ ልብስ መርፌና ክር፣ ራሱን ስቶ ቢወድቅ ደግሞ ስሙና ስልካችን የተጻፈበት ወረቀት። በ2011 ዓ.ም. ጎረቤት አገር ለስምንት ቀን ውድድር ሲሄድ፣ የሐሞት ጠጠር በቀዶ ጥገና ሲወጣልኝ ታዝዞልኝ ከተረፈው የሕመም ማስታገሻ አራት ፍሬ ጨመርኩበት። ትራማዶል ይባላል። እኔን አንድ ሳምንት አስተኝቶኛል፤ ልጄን ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። ካሰብኩት ክፉ ነገር ሁሉ የጎደለው ያ ብቻ ነበር።

ሻፊ ያኔ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው። በብስክሌት ዓለም በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው እንደ አገር ሽማግሌ ነው፤ ሌሎቹ ሲያልፉት አንገታቸውን ሰበር አድርገው ያልፉታል። በሰባተኛው ቀን ወገቡ ያዘው። ዝንጅብሉን በላ፤ አልለቀቀውም። ክኒኑን ዋጠ፤ ለቀቀው። አርባ አንደኛ ወጣ። ለምርመራ ከጣታቸው ደም የሚሰጡት ሰዎች በዕጣ ሲለዩ የሻፊ ስም ወጣ። በሕይወቱ ዕጣ ሲደርሰው የመጀመሪያው ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ከውጭ አገር ደብዳቤ መጣ። እኔ ጎባ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩ ብሆንም እንግሊዝኛዬ ከሁለተኛው መስመር አላለፈም፤ ስለዚህ ጎረቤታችንን መምህር በለጠን ጠራሁት። መምህር በለጠ ከጎጃም መጥቶ ሮቤ አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። ደብዳቤውን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«አዴ ሃጂራ፣ ይቀመጡ» አለኝ።

«ሞተ?» አልኩት።

«ማን?»

«ሻፊ ነዋ።»

«አጠገብዎ ቆሞ የለም እንዴ!»

በእርግጥም ቆሞ ጥፍሩን ይበላ ነበር። መምህር በለጠ ተረጎመልን። ክኒኑ በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። ጥፋቱ የመጀመሪያ ስለሆነ የዚያ ውድድር ውጤት ብቻ ይሰረዛል። እገዳ የለበትም፤ ከነገ ጀምሮ መወዳደር ይችላል።

«አርባ አንደኛነቴን ነው የወሰዱት?» አለ ሻፊ። «ይህን ጊዜ አርባ ሁለተኛ የወጣው ልጅ አርባ አንደኛ ሆኗላ!»

«እንኳን ደስ ያለው» አለ መምህር በለጠ።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ያን ዓመት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የአገር አቀፉ ውድድር የመጨረሻ ቀን ሮቤ ላይ እንዲሆን ተወስኗል። ከሮቤ ተነስቶ ጎባን አልፎ ሰነቴ ድረስ ወጥቶ ይመለሳል፤ የሚያልቀው በቤታችን በር ላይ በሚያልፈው አስፋልት ነው። ሻፊ አዲስ አበባም፣ መቀሌም፣ ውጭ አገርም ተወዳድሯል። ሮቤ ግን አንድም ቀን ሲወዳደር አይታው አታውቅም፤ የገበያው ሰው ግማሹ ፖስታ የሚያደርስ ይመስለዋል። «አንድ ጊዜ ብቻ በአገሬ ሰው ፊት ልንዳና ብስክሌቱን እሰቅለዋለሁ» ብሎኛል። እኔም ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አልቀብረውምና ቀኑን እንደ ዒድ እየቆጠርኩ ነበር። ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ለመመዝገብ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚነዳለትን ክለብ የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት «ከእገዳ ነፃ ነው» ብሎ የሚጽፍለት ደብዳቤ።

ሻፊ ብቻውን ከሄደ አንድ ነገር ይገጥመዋል ብዬ አብሬው ሄድኩ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ኦቦ ጉሉማ ከእንስሳት እርባታ ተዛውረው ወደ ስፖርት የመጡ ሰው ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ አዲስ ስፖርተኛ ሲመጣ እስከ ዛሬ መጀመሪያ የሚጠይቁት ክትባቱን ነው። ጉዳያችንን ነገርናቸው።

«ከእገዳ ነፃ ነው የሚል ደብዳቤ ነው የምንፈልገው» አልኩ።

«ታግዷል?»

«አልታገደም።»

«ካልታገደ ከምን ነፃ እናድርገው?»

«ከውጭ የመጣው ደብዳቤ ራሱ አልታገደም ይላል እኮ።»

«አይቼዋለሁ አዴ ሃጂራ። ግን መድኃኒት ተገኝቶበታል ይላል፣ ደግሞ አልታገደም ይላል። ይህ እንዴት ይሆናል?» አሉና ከመሳቢያቸው ቅጽ አወጡ። ቅጹ ሁለት ሣጥን አለው። አንዱ «የተገኘበትና የታገደ» ይላል፤ ሌላው «ያልተገኘበትና ያልታገደ»። ሻፊ የተገኘበትና ያልታገደ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በቅጹ ላይ አልተፈጠረም።

ኦቦ ጉሉማ ቅጹን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«እናግደዋለን» አሉ።

«ያ ረቢ! ለምን?»

«እንድናነሳለት። የታገደን ሰው ማንሳት ለእኛ ቀላል ነው፤ መመሪያ አለው። ያልታገደን ሰው ግን ከእኔ በላይ ያሉትም ሊያነሱት አይችሉም። ዛሬ እናግደዋለን፣ በሳምንቱ እናነሳዋለን፣ ደብዳቤውን ይዞ ይመዘገባል።»

ሻፊ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ከዚህ የባሰ ነገር እጠብቅ ስለነበር አንድ ሳምንት ምንም አልመሰለኝም። «እሺ በል፣ ማሎ፣ እባክህ» አልኩት።

የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊና ቃለ ጉባኤ ያዥ እሸቴ የሚባል ሰው ነው። ሻፊ መለዋወጫ ጎማ ከጠየቀ አራት ዓመት አልፎታል፣ እስካሁን መልስ አልመጣም። እገዳው ግን በአርባ ደቂቃ አለቀ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር እሸቴ በእጁ ጻፈው፤ ማኅተሙን ደመቅ እንዲል ሦስት ጊዜ መታበት። ግልባጩ ለአሥራ አንድ መሥሪያ ቤቶች ሄደ። ከእነሱ አንዱ የእንስሳት ክሊኒክ ነው፤ ኦቦ ጉሉማ ከድሮ ልማዳቸው ገና አልተላቀቁም።

በሳምንቱ ተመልሰን ሄድን። እገዳ የሚነሳው ግን የታገደው ሰው በግምገማ ላይ ቀርቦ ሂሱን ሲውጥ ነው ተባልን። ግምገማው ሐሙስ በአዳራሽ ተደረገ። ክለቡ ስድስት ብስክሌተኞች አሉት፤ ስድስቱም ነበሩ። ሌላው አርባ ሁለት ሰው ብስክሌተኛ አልነበረም። እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እሳት ቢነሳ ሻፊን ጎትቼ ለማውጣት እንዲመቸኝ።

ሻፊ ተነስቶ «ወገቤን ስላመመኝ አንድ ክኒን ዋጥኩ፤ ይቅርታ» ብሎ ተቀመጠ።

«ጥልቀት ይጎድለዋል» አሉ ኦቦ ጉሉማ።

ተነሳ። «በውሃ ነው የዋጥኩት።»

«አሁንም ከላይ ከላይ ነው። ክኒኑን እንድትውጥ ያነሳሳህ አመለካከት ምንድነው?»

«ወገቤ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አንዱ ተነስቶ «ወገብ ከአመለካከት ተነጥሎ አይታይም» አለ፤ ተጨበጨበለት። ሌላው «ለምን አርባ አንደኛ ብቻ ወጣ? መድኃኒቱን በአግባቡ አልተጠቀመበትም ማለት ነው» ብሎ ሂስ አቀረበ። ልጄን ሦስት ሰዓት ሙሉ ጀርባ በሌለው አግዳሚ ላይ አስቀምጠው በሂስ ሲገርፉት መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሳሁ።

«ክኒኑ የእኔ ነው» አልኩ። «ከሐሞት ጠጠሬ የተረፈ ነው። ኪሱ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። እሱ እናቱን አምኖ ዋጠ። የሚታገድ ሰው ከፈለጋችሁ እኔን እገዱኝ።»

እሸቴ ብዕሩን አንስቶ አየኝ።

«ብስክሌት ይነዳሉ?»

«ኧረ አልነዳም!»

«እንግዲያው የሚታገዱበት ነገር የለም።»

«አዴ ሃጂራ» አሉ ኦቦ ጉሉማ በትሕትና፣ «ስሜትዎ ይገባናል። ግን በመዋቅሩ ውስጥ እናት የሚባል የለም። ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። አራተኛው ሰዓት ሲጀምር ሻፊን ወገቡ እንደገና ያዘው። ከፊቱ ያለውን ወንበር ተደግፎ ቆመና እነሱ ሲሉት የሰማውን ቃል ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀው፤ «የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ነበረብኝ። ጠባብነትም ነበረብኝ። የክህሎት ክፍተትም የግብዓት እጥረትም ነበረብኝ። ከእንግዲህ በተሃድሶ መንፈስ እነዳለሁ። አሁን ልተኛ።»

አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ኦቦ ጉሉማ እንባ ቀረራቸው። በስምንት ዓመት የኃላፊነት ዘመናቸው እንዲህ ያለ ግለ ሂስ ሰምተው እንደማያውቁ ለቃለ ጉባኤው ነገሩት። እሸቴም ጻፈው።

«አሁን እገዳው ይነሳል አይደል?» አልኩ።

«ይነሳል እንጂ! ግን ይህ ተሞክሮ እዚህ አዳራሽ ውስጥ መቅረት የለበትም። ወደ ወረዳዎቹ መስፋት አለበት። ታግዶ እያለ የሚሰጠው ሥልጠና ነው ክብደት ያለው፤ ከተነሳለት በኋላማ እንደማንኛውም ሰው ነው፣ ማን ይሰማዋል? ሦስት ሳምንት ያሠልጥን፣ ከዚያ እናነሳለታለን።»

ውድድሩ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ይደርሳል።

ሥልጠናው ከጎባ ተጀመረ። ብስክሌት ስለሌላቸው ሰዎች ሆነ እንጂ በጣም የተሳካ ነበር። ጊኒር ላይ የከብት ነጋዴዎች ከገበያ ተጠርተው ከሰዓቱን ሙሉ ስለ ተከለከለ የሕመም ማስታገሻ ተማሩ። ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይህ ክኒን ወገብ ያድናል ነው የምትለው?»

«ለጊዜው ያስታግሳል አባቴ፤ ግን የተከለከለ ነው።»

«እሱን ሰማን። የት ነው የሚገኘው?»

ሶፍ ዑመር ደግሞ ገበሬዎቹ ለበሬ ይሆን እንደሆነ ጠየቁ። ለዚህ ጥያቄ ኦቦ ጉሉማ ራሳቸው ተነስተው አንድ ሰዓት ተኩል በደስታ መለሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ብስክሌት የጠየቀ የለም።

ሌሎቹ አምስት ብስክሌተኞች ምንም ያልተገኘባቸው ናቸው። ስለዚህ ከሻፊ እንዲማሩ አንድ ለአምስት ተደራጁና እሱ ጠርናፊያቸው ሆነ። ሻፊ የሄደበት ሁሉ ይሄዳሉ፤ እሱ ሲናገር ከኋላው ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ብስክሌቶቹ በመጋዘን ተቆለፉ። አንድ ቀን ከእነሱ አንዷን ሰቢሪናን በራችን ላይ አገኘኋትና ልምምድ እንዴት ነው አልኳት።

«እትዬ፣ እኛ እኮ ዘጠኝ ዓመት ንጹሕ ነን» አለችኝ። «ስማችንን የሚያውቅ የለም። ሻፊ ግን በአንድ ክኒን የት ደረሰ!»

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ጽሕፈት ቤቱ ሞዴል ተባለ። ዋንጫ ተሰጠው። ዋንጫው ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ተቀርጿል፤ በክለቡ ታሪክ የመጀመሪያው የብስክሌት ዋንጫ ነው። ኦቦ ጉሉማ በዚህ ውጤት ወደ ላይ ተመደቡና ጓዛቸውን ጭነው ሄዱ። የሻፊን ደብዳቤ ሳይፈርሙ ነው የሄዱት። «የሚተካኝ ሰው ይፈርምልሃል» አሉት፤ አቅፈውት ነበር ሲሉ።

የሚተካቸው ማን ነው? ለወንበሩ ሦስት ሰዎች ቀረቡ። ሁለቱ ስፖርት የተማሩ ናቸው፤ ነገር ግን በፋይላቸው ላይ አንድም ጥፋት አልተገኘም። «ጥፋት የሌለበት ሰው ያልተገመገመ ሰው ነው» ተባለ። ሦስተኛው ድክመቱ የተመዘገበ፣ ያመነ፣ የታረመ፣ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነበር። ሻፊ ተሾመ።

የልጅ ሹመት ለእናት ደስታ ነው ይባላል። እኔ እጄን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። አይሱዙ ፈርቻለሁ፣ መብረቅ ፈርቻለሁ፣ ሰነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ እንኳ ፈርቻለሁ። ሹመት ግን በሐሳቤ አልፎ አያውቅም።

«አዮ፣ አታልቅሺ» አለኝ። «ያ ደብዳቤ የሚፈረመው እዚያ ወንበር ላይ ባለ ሰው ነው። አሁን ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ገብቼ እፈርመዋለሁ፣ ማክሰኞ እመዘገባለሁ፣ ውድድሩን እነዳለሁ፣ ከዚያ ወንበራቸውን እመልስላቸዋለሁ።»

ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሰኞ ትውውቅ ሆነ። ማክሰኞ ስብሰባ ነበር። ረቡዕ የማክሰኞው ስብሰባ ተገመገመ። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ምሳ ዕቃውን ይዤ ቢሮው ስገባ እሸቴ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ቆሟል። ሻፊ ኮት ለብሷል። ኮቱ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ እጅጌው ይረዝመዋል።

«ለራስዎ መፈረም የጥቅም ግጭት ነው» ይለዋል እሸቴ። «ዛሬ ለራስዎ ቢፈርሙ ነገ ይገመገማሉ፣ ከኃላፊነት ይታገዳሉ።»

«ከኃላፊነት ብታገድ ብስክሌት መንዳት እችላለሁ?»

«ከኃላፊነት የታገደ ሰው እገዳ ላይ ያለ ሰው ነው። ከእገዳ ነፃ ነው ተብሎ እንዴት ይጻፍለታል?»

«ባልፈርምስ?»

«ካልፈረሙ ውሳኔ ባለመስጠት ይገመገማሉ። ኦቦ ጉሉማ ሳይፈርሙ የሄዱት ስለሄዱ ነው። እርስዎ አልሄዱም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ጥያቄውን ውድቅ ማድረግ። የራሱን ጉዳይ ውድቅ ያደረገ ኃላፊ እስከ ዛሬ አልታየም። በሞዴልነት ሊያስመዘግብዎት ይችላል።»

ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ሻፊ» አልኩት፣ «ማሎ፣ ፈርመህ ተነስ። ይገምግሙህ። ይባርሩህ። ብስክሌትህ ላይ ውጣ።»

ብዕሩን ያዘ። ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነበር፤ በመስኮቱ የጎባ መንገድ ይታያል። አንድ ጊዜ ብዕሩን አወረደ፣ ከዚያ አነሳው። እሸቴ ዋንጫውን በመሐረብ ይወለውል ጀመር። ሻፊ ዋንጫውን አየው።

«አዴ ሃጂራ» አለኝ ልጄ፣ «መመሪያው አይፈቅድም።»

አዴ ሃጂራ ብሎ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። ፈረመ። እሸቴ ማኅተሙን ሦስት ጊዜ መታ።

ውድድሩ የተደረገው እሑድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አስፋልቱ ዳርና ዳር በሰው ሞላ፤ ባጃጅና ጋሪ እንዳያልፍ ተከለከለ። የክለባችን ስድስት ብስክሌቶች ግን ገና ከመጋዘን አልወጡም። ሻፊ መድረክ ላይ ሆኖ ባንዲራ አውለብልቦ ውድድሩን አስጀመረ፣ ንግግር አደረገ፣ ምሳውን ሊበላ ቤት መጣ። ኮቱን አውልቆ ገና አንድ ጊዜ ሳይጎርስ በሩ ተንኳኳ። እሸቴ የርክክብ መዝገብ ይዞ ቆሟል።

«ለአመልካች ለአቶ ሻፊ በእጅ የሚሰጥ ደብዳቤ አለ» አለ።

ሻፊ እጁን ታጥቦ መዝገቡ ላይ ፈረመ። እሸቴ አመስግኖ ሄደ። ሻፊ ፖስታውን ቀዶ አነበበው። ሲያነብ ፊቱ ተለዋወጠ። አለቀሰ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያለቅስ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ይህ ሦስተኛው ነበር።

«አሥራ ስድስት ዓመት!» አለ። «አሥራ ስድስት ዓመት በዝናብ በፀሐይ ነዳሁ! በአገሬ አንድ ቀን ልንዳ ብል 'ውድቅ ተደርጓል' ብሎ በአንድ መስመር ይመልስልኛል? ይህን የፈረመው ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀን ብስክሌት ላይ ወጥቶ ያውቃል?»

እጁን ያዝኩት።

«ይግባኝ በላ፣ ልጄ።»

«ለማን?»

«ለኃላፊው ነዋ። ፊት ለፊት ገብተህ ችግርህን ንገረው። ሰው አይደለም እንዴ?»

ውጭ ሕዝቡ መጮህ ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ከሰነቴ ወርደው ከተማ ገብተዋል። የጎማቸው ድምፅ በበራችን ላይ እንደ ንብ መንጋ አለፈ። ሻፊ ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ጆሮውን ሰጠ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና ሰዓቱን አየ፤ ተነስቶ ኮቱን አጠለቀ።

«ዛሬ አይገኝም፣ አዮ» አለኝ። «ከሰዓት አስቸኳይ ስብሰባ ይመራል።»

«በእሑድ? በምን ጉዳይ?»

«በሮቤ ውድድር ላይ አንድም የሮቤ ልጅ ያልተሳተፈበትን ምክንያት ለመገምገም» አለኝና መንገዱ ሲከፈት ተሻግሮ ሄደ።